የመጀመሪያዋ ሥራ ስንት ታወጣለች?
በኢንተርኔት የሥራ ገበያ አዲስ ገቢው የሚከፍለው ዋጋና የአካውንት ደላሎች

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ለመክፈት የተነሳ ነጋዴ ከኪራዩ በፊት የቁልፍ ይጠየቃል። የሚከፍለው ለአራት ግድግዳና ለአንድ በር አይደለም፤ ቦታው ለሚያመጣው ደንበኛ ነው። በኢንተርኔት በሚካሄደው የሥራ ገበያም ይህንኑ የመሰለ ነገር ይሸጣል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች ውስጥ «የተረጋገጠ»፣ «ሥራ የሠራ»፣ «አምስት ኮከብ ያለው» እየተባለ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የሚቀርብ አካውንት አለ። ደላላው ገንዘቡን ይቀበላል፤ ገዢው የሌላ ሰው ስምና ፎቶግራፍ ያለበትን አካውንት የይለፍ ቃል ይረከባል። የመርካቶው ቁልፍ ቢያንስ በሩን ይከፍታል። ይኸኛው ግን ከነበሩ በአንድ ቀን ሊጠፋ የሚችል ነው።

ገዢው ይህን ሳያውቅ አይደለም ገንዘቡን የሚያወጣው። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው መጠበቅ ሰልችቶት ነው። ሙያ አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ እንግሊዝኛውም ደህና ነው፤ ነገር ግን ሃምሳ ጊዜ አመልክቶ አንድም መልስ አላገኘም። ለምን እንዳላገኘ ለመረዳት ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ገበያው ራሱ አዲስ አይደለም። ኢላንስ የተባለው ድርጅት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ኦዴስክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው። ሁለቱ በ2013 መጨረሻ እንደሚዋሃዱ አስታወቁ፤ በ2015 አፕወርክ የሚለውን ስም ያዙ፤ በኦክቶበር 2018 አክሲዮናቸው በናስዳክ በ15 ዶላር መነሻ ዋጋ ለሕዝብ ቀረበ። በእስራኤል በ2010 የተቋቋመው ፋይቨር በ2019 ወደ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገብቷል። የአውስትራሊያው ፍሪላንሰር ዶት ኮም ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በአገሩ የአክሲዮን ገበያ ይገኛል።

ሦስቱም በአጭሩ ደላሎች ናቸው። አሠሪና ሠራተኛን ያገናኛሉ፤ ኮሚሽን ይቆርጣሉ። ፋይቨር ከሻጩ ገቢ 20 በመቶ ይወስዳል። አፕወርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 ድረስ ከአንድ ደንበኛ በሚገኘው የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 10 ሺህ ዶላር 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 5 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ2023 ሁሉንም ወደ 10 በመቶ አመጣው፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ እንደየሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ የሚለዋወጥ አደረገው። በሁለት በመቶ የለመደ የአዲስ አበባ የቤት ደላላ ይህን ቢሰማ መቅናቱ አይቀርም።

በአሠራር ግን ይለያያሉ። ፋይቨር እንደ ሱቅ ነው፤ ባለሙያው የሚሸጠውን አገልግሎት ከነዋጋው ይደረድራል፤ ደንበኛው መጥቶ ይመርጣል። አፕወርክ በአመዛኙ የጨረታ ገበያ ነው፤ አሠሪው ሥራውን ያወጣል፣ ባለሙያዎች ዋጋና ሐሳብ ያቀርባሉ። ጨረታ እንደመሆኑም የሰነድ መግዣ አለው። ኮኔክት ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንዱ ኮኔክት በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጣል፤ አንድ ማመልከቻ ለማስገባት ደግሞ እንደ ሥራው ዓይነት በርከት ያለ ኮኔክት ይጠየቃል። ማመልከቻውን ከሌሎች በላይ ለማስቀመጥ የፈለገ ተጨማሪ ኮኔክት ይጫረታል። በመንግሥት ጨረታ ሰነድ የገዛ ሰው «የማይመለስ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። አሠሪው ካልመረጠው፣ ማመልከቻውን ከፍቶ ባያየውም እንኳ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ሄዷል።

ገዢው ለምን አዲሱን አይመርጥም?

አሠሪው አንድ ሥራ ሲያወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከብዙ አገሮች በርካታ ማመልከቻዎች ይደርሱታል። ሁሉንም አያነብም። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ዋጋውን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮችና ቀደም ሲል የሠራላቸው ደንበኞች የሰጡትን ኮከብ። አዲስ ገቢው ሦስተኛው የለውም። ሙያው ከሌላው ያነሰ ስለሆነ አይደለም፤ ያየለት ምስክር ስለሌለ ነው።

ይህን ጉዳይ በገበያው ላይ በተግባር የሞከሩ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ አሉ፤ አማንዳ ፓላይስ ይባላሉ። ያኔ ኦዴስክ በሚባለው ገበያ ላይ መረጃ የማስገባት ሥራ አወጡ፤ ካመለከቱት መካከል 952 ሰዎችን በዕጣ መርጠው ቀጠሩ፤ ሥራው ሲያልቅ ለሁሉም በይፋ የሚታይ ምዘና ሰጧቸው። በዕጣ ስለተመረጡ ከቀሩት የሚለያቸው ይህ አንድ ሥራና አንድ ምዘና ብቻ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ታተመ። የተቀጠሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ ካልተቀጠሩት ይልቅ በሚታይ ልዩነት ሥራ አገኙ፤ ምዘናው ዘርዘር ብሎ ሲጻፍ ደግሞ ጥቅሙ ጨመረ።

ለነጋዴ የሚገባው ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ነው። አዲስ ሰው መሞከር ወጪ አለው። አሠሪው ጊዜውን ያባክናል፤ ሥራው ሊበላሽበት ይችላል። ሰውዬው ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ግን ጥቅሙ የመጀመሪያው አሠሪ ብቻ አይሆንም፤ ኮከቡ በይፋ ስለሚታይ ቀጣዩ ሁሉ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ማንም የመጀመሪያውን ወጪ ለመክፈል አይቸኩልም። ሁሉም ሌላው እስኪሞክርለት ይጠብቃል። ወጪውን መክፈል የሚቀረው አዲስ ገቢው ራሱ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። አንድ የአዲስ አበባ የሒሳብ ባለሙያ በአፕወርክ ላይ ሥራ ጀመረ እንበል። አንድ ማመልከቻ 12 ኮኔክት ቢጠይቅና የመጀመሪያዋን ሥራ ለማግኘት 40 ማመልከቻ ቢያስገባ፣ 480 ኮኔክት ነው፤ 72 ዶላር። ያገኘው ሥራ የአንድ ትንሽ ድርጅት የሦስት ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሆኖ 100 ዶላር ተስማማ። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ቢሆን 90 ይቀራል። የኮኔክቱ ሲቀነስ 18 ዶላር። ሥራው 30 ሰዓት ፈጅቶበት ከሆነ በሰዓት 60 ሳንቲም ሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ እንደ ደመወዝ ያየ ሰው በማግስቱ ኮምፒውተሩን ይዘጋል። እንደ ሱቅ መክፈቻ ወጪ ያየው ግን ቀጣዩን ገጽ ይገልጣል። ያው ደንበኛ ሥራውን ወድዶ የሚቀጥሉትን ወራት በ250 ዶላር ቢሰጠው ኮኔክት የለም፤ ጨረታ የለም፤ 225 ዶላር እጁ ይገባል። የመጀመሪያዋ ሥራ ያተረፈችው 18 ዶላር ሳይሆን ይህን ነው።

ከ40 ማመልከቻ ወደ 15 የሚያወርደው

የመግቢያ ወጪውን የሚወስነው በአብዛኛው የማመልከቻው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሠሩት አንድ የታወቀ ስህተት አለ፤ ሁሉንም እሠራለሁ ብሎ መጻፍ። «የሒሳብ ሥራ፣ ትርጉም፣ የጽሑፍ ሥራ፣ መረጃ ማስገባት» የሚል ሰው ሚስማርም ስኳርም የሚሸጥ ሱቅ ይመስላል። ለሰፈር ይሆናል፤ ከሩቅ የሚመጣ ደንበኛ ግን ሚስማር የፈለገ እንደሆነ የሚሄደው ወደ ሚስማር ተራ ነው።

የሒሳብ ባለሙያውን ምሳሌ እንቀጥል። በአዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ የተማረውና የሚሠራበት ፒችትሪ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ትናንሽ ድርጅቶች በገበያው ላይ የሚጠይቁት ግን ኩዊክቡክስ ኦንላይንና ዜሮ የተባሉትን ፕሮግራሞች ነው። ዴቢትና ክሬዲቱ አንድ ነው፤ መሣሪያው ይለያል። የኩዊክቡክስ ባለቤት የሆነው ኢንቱዊት ለሒሳብ ባለሙያዎች በነፃ የሚሰጠው ሥልጠናና የምስክር ወረቀት አለ። ኮከብ ለሌለው ሰው ይህ ወረቀት ኮከብ ባይሆንም የመጀመሪያው ምስክር ይሆነዋል። «የኩዊክቡክስ የባንክ ሒሳብ አስታርቃለሁ» የሚል አንድ መስመር «የ8 ዓመት ልምድ ያለኝ ታታሪ ባለሙያ ነኝ» ከሚለው ይልቅ ይሸጣል።

የናሙና ሥራም እንዲሁ። ስሙና ቁጥሩ የተቀየረ፣ የማንም ደንበኛ ምስጢር ያልወጣበት የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ወይም ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ የሚያሳይ የሕንፃ ንድፍ፣ አሠሪው በአንድ ደቂቃ የሚያየው ነገር ነው። ማመልከቻውም ስለ አመልካቹ ሳይሆን ስለ ሥራው ቢናገር ይሻላል፤ «የላኩት ፋይል ላይ የማርች ወር ሁለት ጊዜ ገብቷል» ብሎ የጀመረ ሰው ይነበባል።

ዋጋስ? ጀማሪው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ዝቅተኛው ዋጋ ነው። ለአንዲት አጭር ሥራ ዝቅ ማለት ያስኬዳል፤ የመክፈቻ ወጪ ነውና። ለስድስት ወር ውል ዝቅ ማለት ግን ራስን በርካሽ ማሰር ነው። ከዚህ ይልቅ ሥራውን ማሳነስ ይሻላል፤ የዓመቱን ሳይሆን የአንድ ወሩን ሒሳብ፣ ሙሉ ድረ ገጹን ሳይሆን አንድ ገጹን። አነስ ያለ ሥራ ቶሎ ያልቃል፣ ኮከቡም ቶሎ ይመጣል። እዚህ ገበያ ላይ ሦስት ኮከብ «ደህና» ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አብዛኛው ሰው አምስት ስለሚሰጥ አራት ራሱ እንደ ቅሬታ ይታያል።

ሰዓቱም የራሱ ንግድ አለው። ኒውዮርክ ቢሮ የሚከፍተው በአዲስ አበባ አቆጣጠር፣ እንደ አሜሪካኖቹ የሰዓት ለውጥ፣ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። አሠሪው ሥራውን አውጥቶ ጥያቄ የሚጠይቀው የአዲስ አበባው ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ነው። መልሱን ለጠዋት ያሳደረ ሰው ሲነቃ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ያገኘዋል።

ምን ዓይነት ሙያ ይሸጣል ለሚለው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ በኋላ ተመራማሪዎች በአፕወርክ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለማሽኑ በተጋለጡ እንደ ጽሑፍ ባሉ ሙያዎች የተሰማሩ ሰዎች የሥራ ቁጥር በ2 በመቶ፣ የወር ገቢያቸው በ5.2 በመቶ መቀነሱን አይተዋል። ይህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ልኬት ነው። ጠቅላላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለመሸጥ የሚገባ ጀማሪ የሚወዳደረው ከሰው ጋር ብቻ እንዳልሆነ ማወቁ ይጠቅመዋል። በሌላ በኩል እነዚያኑ ማሽኖች ለማስተማር የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ድምፅና ጽሑፍ የሚፈልጉ አሠሪዎች አሉ፤ በዚህ መስመር ተወዳዳሪው የኢትዮጵያን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጣል?

አስመጪና ላኪ የሆነ አንባቢ ኤልሲን ያውቃል። በነዚህ ገበያዎች ላይ ያለው የክፍያ ሥርዓት ከኤልሲ ጋር የሚቀራረብ ነው። በአፕወርክ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ሲሆን አሠሪው ገንዘቡን አስቀድሞ በመያዣ ያስቀምጣል። ሥራው ሲቀርብ የ14 ቀን የማያ ጊዜ አለው፤ ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል፤ ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ለመውጣት ዝግጁ ይሆናል። በሰዓት ለሚሠራው ደግሞ አንድ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ስክሪን በየመካከሉ ፎቶ እያነሳ ሰዓቱን ይቆጥራል፤ የሳምንቱ ሒሳብ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ይከፈላል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቁርጥ ዋጋው ይሻለዋል፤ የጠፋ ሰዓት አይቆጠርምና።

መያዣው ውስጥ ገንዘብ ሳይገባ ሥራ የጀመረ ሰው ኤልሲ ሳይከፈት ዕቃ የጫነ ላኪ ነው። አጭበርባሪ የሚያነጣጥረውም እዚህ ላይ ነው። «በቴሌግራም እናውራ» ይላል፤ ከዚያ «ለሥልጠና»፣ «ለመመዝገቢያ» ወይም «ለፕሮግራም መግዣ» ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃል። አሠሪ ከሠራተኛ ገንዘብ የሚጠይቅበት ሥራ የለም። በመድረኩ ላይ የተገናኘን ደንበኛ ከመድረኩ ውጭ እንዲከፍል ማድረግም በአፕወርክ ደንብ ለሁለት ዓመት የተከለከለ ነው፤ ቀድሞ የመልቀቂያ ክፍያ ካልተፈጸመ በቀር አካውንት ያዘጋል።

ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ማምጣቱ ቀድሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። በባንክና በትይዩ ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ በሆነበት ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ያስገባ ሰው የተቀጣ ያህል ይሰማው ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዚያው ማሻሻያ ነዋሪዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብና በውጭ ምንዛሪ በሚያገኙት ደመወዝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱና ለውጭ አገልግሎት ክፍያ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። ለፍሪላንሰር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኮኔክቱም የፕሮግራም ኪራዩም የሚከፈለው በዶላር ነው። የትኛው የማውጫ መንገድ በራሱ ባንክ እንደሚሠራ ግን ከመጀመሪያዋ ሥራ በፊት ባንኩ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ግብሩም አለ፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪን ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ይመለከተዋል።

አሁን ወደ አካውንት ደላሎቹ እንመለስ። በአፕወርክ ገንዘብ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ስም በመድረኩ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። እንግዲህ አካውንት የተከራየው ሰው የሠራበት ገንዘብ መጀመሪያ የሚገባው ባለአካውንቱ እጅ ነው። ባለአካውንቱ ቢክድ ተከራዩ የሚከሰው ማንን ነው? ውሉ ራሱ የመድረኩን ደንብ የጣሰ ነው። ገንዘቡ ቢደርሰው እንኳ ኮከቡ አይደርሰውም። ዓመት ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመው ስም የሌላ ሰው ነው፤ በሰው ቦታ ላይ ቤት እንደመሥራት ያለ ነገር።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በአንድ የዩክሬን ዜጋ ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ። ሰውዬው የፍሪላንስ አካውንት የሚሸጥና የሚያከራይ ድረ ገጽ ነበረው፤ በክሱ እንደተገለጸው እስከ 871 የሚደርሱ የተውሶ ማንነቶችን ያስተዳድር ነበር። ከደንበኞቹ መካከል ለሰሜን ኮሪያ መንግሥት ገንዘብ የሚያስገቡ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይገኙበታል። በ2025 ጥፋተኝነቱን አመነ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ እንዲህ ላሉ ሠራተኞች ላፕቶፖችን ቤቷ ሰብስባ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ያስመሰለች አንዲት የአሪዞና ነዋሪ በ8 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተቀጣች። አንድ የአዲስ አበባ ጀማሪ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም አያገናኘውም። ነገር ግን ለተውሶ ማንነት የሚደረገው ፍተሻ እሱንም ይመለከታል፤ አፕወርክ መታወቂያ ይጠይቃል፣ በቪዲዮ ቀርቦ ፊትን ማሳየት ሊያዝ ይችላል። በዚያች ሰዓት ተከራዩ የሚያሳየው ፊት የለውም።

በዚህ ገበያ ገንዘቡን ማሠራት ለፈለገ ባለሀብት ግን ሕጋዊ በር አለ። አፕወርክ ኤጀንሲ እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ ባለሙያዎቹ በየራሳቸው ስም ተመዝግበው በአንድ ድርጅት ሥር ይሠራሉ። ከላይ ባለው ስሌት አሥር ጀማሪ የሒሳብ ባለሙያዎችን ለማስገባት የኮኔክት ወጪው 720 ዶላር ነው፤ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና የሥልጠናው ጊዜ ለብቻ ይቆጠራል። አስቸጋሪው ወጪው አይደለም። ባለሙያው ኮከቡን ካገኘ በኋላ ብቻውን ለመሥራት ሊወጣ ይችላል፤ የፓላይስ ጥናት ያነሳው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት በባለሀብቱና በባለሙያው መካከል የሚፈረመው ወረቀት ባለሙያው ስንት ወር እንደሚቆይ፣ የኮኔክቱ ወጪ ከየትኛው ክፍያ ላይ እንደሚመለስና ቀድሞ ከወጣ ምን እንደሚከፍል በቁጥር ያስቀመጠ መሆን አለበት።